«ፍሬን እምቢ አለኝ» ማለት ከማን ያድናል?

«ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነው» የሚል አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሕጉ ግን ይህን መልስ ተጎጂው ፊት እንደ መከላከያ አይቀበለውም። ያው መልስ በመኪናው ሻጭ፣ በጋራዡ ወይም በአምራቹ ላይ ሲነሳ ደግሞ ጠንካራ የክስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ባለመኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ገልብጠው ይይዙታል። ከተጎጂው ጋር ሲከራከሩ ይከርሙና ሻጩን የሚጠይቁበት ጊዜ ያልፍባቸዋል።

በመጀመሪያ ስለ ተጎጂው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ብሎ ነፃ እንዳይወጣ በሩን ይዘጋል። በመርህ ደረጃ ባለቤቱን የሚያድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ብቻ ነው። ደንቡ ለባለመኪና ይከብዳል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ዜብራ ስታቋርጥ የተገጨች እናት የመኪናውን የጥገና ታሪክ አጣርታ ታቅርብ ማለት አይቻልም። ተጎጂው ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ አንስቶ ሁለት ዓመት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የካሳውን ሸክም የሚያቃልለው እስከ ገደቡ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ባለቤቱ ኪስ ይዞራል። ሙሉ መድን የገባችሁም ውላችሁን አንብቡት። መኪናውን በደህና ሁኔታ የመያዝ ግዴታ በእነዚህ ውሎች የተለመደ ነው፤ የታወቀ የፍሬን ችግር እያለ መንዳት ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የወንጀሉ ጥያቄ የተለየ ነው። እዚያ የሚመዘነው የአሽከርካሪው ቸልተኝነት ነው። ፍሬኑ ድንገት ከከዳውና አስቀድሞ ሊያውቅ ካልቻለ ሰው ይልቅ፣ ፔዳሉ እየሰመጠ መምጣቱን ወይም የፍሬን ዘይቱ መጉደሉን እያየ «ነገ አሠራዋለሁ» ብሎ የወጣው ሰው ዐቃቤ ሕግ ፊት ይጋለጣል። የሰው መኪና የምትነዱ ሾፌሮች በተለይ ይህን ልብ በሉ። ፍሬኑ እንደማይዝ ለአሠሪያችሁ የምትናገሩት በቃል ብቻ አይሁን፤ በቴሌግራም የተላከ አጭር መልእክት እንኳ በኋላ ትልቅ ማስረጃ ነው። መልእክቱን ልኮ መንዳቱን መቀጠል ግን አያድንም።

አሁን ወደ ሻጩ። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ውሉ ላይ «ገዢ መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቶና መርምሮ ገዝቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ደላላውም ሻጩም በዚህ ተማምነው «አለቀ» ይላሉ። አላለቀም። በሕጉ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት እንዳይውል የሚያደርግ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው (ቁጥር 2287 እና ተከታዮቹ)፤ የማይቆም መኪና ደግሞ ለተለመደ አገልግሎት አይውልም። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በስምምነት ሊያጠቡት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ የውሉ ቃል ከለላ አይሆነውም። ክርክሩ በሙሉ የሚሽከረከረው እዚህ ላይ ነው፦ ያውቅ ነበር? ደብቋል?

በሌላ በኩል ገዢው ያየውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችለውን ጉድለት ይዞ ሻጩን መክሰስ አይችልም። መካኒክ ይዞ ሄዶ፣ ጎማው ተፈትቶ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ በዓይኑ አይቶ የገዛ ሰው «ጉድለት ነበረበት» ቢል ፍርድ ቤት አይሰማውም። የዳሽቦርዱ መብራት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቁልፉ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ገመዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህን እንዳደረገ ወይም እንዳስደረገ ከተረጋገጠ፣ ለድብቅነት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አላውቅም። የዓመቱ ቦሎ መለጠፉ ደግሞ መኪናው በምርመራው ቀን አልፏል ማለት ብቻ ነው፤ ለሻጩ የንጽህና ወረቀት አይሆንም።

ጊዜ አታጥፉ። ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ ወዲያው መመርመር፣ ጉድለት እንዳገኘም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማሳወቅ አለበት (ቁጥር 2291 እና 2292)። ዝም ያለ ሰው መብቱን ያጣል። ካሳወቀ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የሻጩ ተንኮል ካላገደው በቀር። ማስታወቂያውን በሪኮማንዴ ላኩት፤ በስልክ መነጋገርና በሽማግሌ ማስነገር መልካም ነው፤ ሻጩ ሲክድ ግን በእጃችሁ ምንም አይቀርም። መኪናውን የገዛችሁት ከነጋዴ ከሆነና ለግል ወይም ለቤተሰብ መገልገያ ከሆነ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተጨማሪ መንገድ ይከፍታል። ጎረቤቱ ከሸጠለት ወይም ለሥራ ከገዛው ሰው ይልቅ ይህ አዋጅ የሚጠቅመው የነጋዴ ደንበኛ የሆነውን ሸማች ነው።

ጋራዡን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ፍሬን የሠራ መካኒክ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ ይጠየቃል (ቁጥር 2031)። የሚያስቸግረው ማስረጃ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የተሠራን ፍሬን ማን እንደሠራው ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

አምራቹ ሩቅ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ የሚያስተምር ጉዳይ አለ። ከ2009 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል። የእግር ምንጣፉ የነዳጅ ፔዳሉን ይይዝ ነበር፤ በሌሎች መኪኖች ላይ ደግሞ ፔዳሉ ራሱ ተረግጦ ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገይ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም ከናሳ ጋር ባደረገው ምርመራ የኤሌክትሮኒክስ ችግር እንዳላገኘ በ2011 ቢያስታውቅም፣ በ2013 የኦክላሆማ ዳኞች በአንድ ካምሪ አደጋ ኩባንያውን ጥፋተኛ ብለው 3 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰኑበት። በ2014 ደግሞ ቶዮታ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ክፍያው የተነሳው ኩባንያው የሚያውቀውን ችግር ለሕዝብ በሚያሳስት መንገድ በማቅረቡ ነው። መርካቶ ዳር መኪና የሚሸጠው ሰውና ግዙፉ ኩባንያ የሚጠየቁት በአንድ ነገር ነው።

የእኛም ሕግ በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው በተለመደ አጠቃቀም ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ጉድለት ግን አይመለከተውም። ስለዚህ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ የፍሬን ዘይት አምራቹን ላይነካው ይችላል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለን ስህተት ግን ማን በዓይኑ ያያል? ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በበዙበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የቻይና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፔዳል ሲለቀቅ መኪናውን በሚያዘገየው የቴስላ ብሬክ አሠራር ምክንያት ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ለእርማት እንዲጠሩ አድርጓል፤ እርማቱም በርቀት በሚላክ ሶፍትዌር ነበር። በአምራቹ ወኪል በኩል ያልመጣ መኪና ስትገዙ እንዲህ ያለው ማሻሻያ ይድረሰው አይድረሰው፣ ካልደረሰስ ማን እንደሚጭነው ሻጩ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ በአምራቹ የእርማት ጥሪ መፈለጊያ ላይ ማየትም ዋጋ አይጠይቅም።

ችግሩ ከተከሰተ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ማስጠገን ነው፤ ከሕግ አንፃር ከሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ነው። መካኒኩ የተበላሸውን ዕቃ አውጥቶ ሲጥለው ማስረጃችሁ አብሮ ተጣለ። አስቀድማችሁ ዳሽቦርዱን ከነኪሎሜትሩ በቪዲዮ ቅረጹ፣ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ባለሙያ በጽሑፍ እንዲመረምረው አድርጉ፣ ከተቻለ ሻጩም እንዲገኝ ጥሩት፤ የወጣውን ዕቃ ደግሞ በቤታችሁ አስቀምጡት። አደጋ ከደረሰ የትራፊክ ፖሊሱ መዝገብ ላይ ስለ ፍሬኑ የተናገራችሁት በትክክል መጻፉን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

ጉዳዩ በሽማግሌ ሊያልቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያ ይሻላል። ሻጩ የጥገናውን ወጪ ሊከፍል ተስማምቶ የሚያስፈርማችሁ ወረቀት ግን «ከእንግዲህ በምንም ጉዳይ አልጠይቅም» የሚል ከሆነ ብዕሩን አስቀምጡ። የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ወረቀቱ ስለ ጥገናው ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ተጎጂው ከሶ ካሳ ቢያስከፍላችሁ ሻጩን የመጠየቅ መብታችሁ እንደተጠበቀ በግልጽ ይጻፍበት። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ድርድሩ አላለቀም ማለት ነው፤ የአንድ ዓመቱ ጊዜ ደግሞ ይሄዳል።