መሰላሉን የሚወዱት ከላይ ያሉት ብቻ አይደሉም



ውድ አንባብያን! እኩልነትን የሚጠላ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ከላይ ያለው፣ ጥቅሙ የሚቀርበት» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን ግማሽ ነው። ጥቂቶች ብቻቸውን ብዙኃኑን ለዘመናት ከሥራቸው ሊያኖሩ አይችሉም። መሰላሉ የሚቆመው ከታች ያለውም ደግፎ ሲይዘው ነው። ታዲያ ዜጋ የገዛ ራሱን መብት የሚያሰፋለትን ሥርዓት ለምን ይሸሻል?

በአገራችን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር የተለየ፣ ሰውነታቸውንም የማይደፈር አድርጎ ነበር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንንም የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደነገገ። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም» እየተባለ በአገሩ እንደ እንግዳ ይቆጠር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ሲወጣ፣ ከመካከሉ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩበት። የተጠየቀው ብልጫ አልነበረም፤ እኩል ዜግነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓሎቻችን በመንግሥት ታወቁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ነገር ግን በ1966 «ይህ ጥያቄ አገር ያፈርሳል» ይሉ የነበሩት ሁሉ ባለ ርስትና ባለ ሹመት አልነበሩም።

እንደ እኔ አመለካከት ምክንያቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛው ፍርሃት ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። ብዙ ሰው ነጻነትን የሚያየው እንደ መብት ሳይሆን እንደ ሁከት በር ነው። በአገራችን ለውጥ በመጣ ቁጥር ደም መፍሰሱን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ጥገኝነት ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች። ፍርድ ቤቱን የማያምን ሰው ትልቅ ሰው ይፈልጋል፤ ሕግ ከሚጠብቀው ይልቅ ጌታ ቢጠብቀው ይመርጣል።

ሦስተኛው ኩራት ነው። ይህ ከሁሉ የረቀቀ ነው። በመሰላል ላይ የቆመ ሰው ከበላዩ ዐሥር ሰው ቢኖርም ከበታቹ አንድ ካለ ይጽናናል። ድሃው ገበሬ በባለ ርስቱ ይናቃል፤ እርሱ ደግሞ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ይንቃል። እኩልነት ሲመጣ ከላይ ያለውን ንቀት ከማስቀረቱ በፊት ከታች ያለውን መጽናኛ የሚነጥቀው ይመስለዋል።

አራተኛው በዲን ስም የሚቀርብ ማመካኛ ነው። «አላህ አንዱን ከሌላው አስበልጧል» ይባላል። እውነት ነው፤ ቁርኣን በሱረቱ አዝ-ዙኽሩፍ 32 በኑሮ አንዱ ከሌላው በደረጃ ከፍ መደረጉን ይነግረናል። ይሁን እንጂ የሱረቱ አል-አንዓም 165 መልእክት አብሮ መነበብ አለበት፤ ልዩነቱ በተሰጠን ነገር ልንፈተንበት ነው። ክብርን በተመለከተ ሱረቱ አል-ሑጁራት 13 ነገሩን ዘግቶታል፤ አላህ ዘንድ የሚበልጠው ይበልጥ የሚፈራው ነው። ፈተናን እንደ ማዕረግ የቆጠረ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ መልስ እንደሚጽፍ ተማሪ ነው።

የመካ ቁረይሾችም በሽታቸው ይኸው ነበር። ታላላቆቻቸው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ለመቀመጥ ድሆቹ እንዲባረሩላቸው ጠይቀው ነበር። ባሪያ የነበረው ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት ከካዕባ ላይ አዛን ሲያሰማ ከመካከላቸው የተንገፈገፉ እንደነበሩ የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ። ቁርኣን ግን መሪዎችን ብቻ ወቅሶ አይተውም። በሱረቱ አል-አሕዛብ 67 «ታላላቆቻችንን ታዘዝን» የሚለው የተከታዮች ምክንያት በመጨረሻው ቀን እንደማያድናቸው እንማራለን።

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሳችን ላዙር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ወጣት ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ሰላቱን የሚጠብቅ፣ በሥራው የተመሰገነ ነው። የልጅቷ አባት ስለ ዲኑም ስለ ጠባዩም አልጠየቁንም። «አያቱ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉ። ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። እኚህ ሰው በ1966ቱ ሰልፍ የተሰለፉ፣ ያንን ቀን በኩራት የሚያወሩ ናቸው። ሰልፉን ሳነሣባቸው ጥቂት ዝም ብለው «እኔስ ምንም አልነበረኝም፤ ግን ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ጋብቻው ቀረ።

ያ መልስ ብዙ አስተምሮኛል። ሰውዬው በመሰላሉ አያምኑም፤ ግን ሌላው ያምንበታል ብለው ይፈራሉ። ሌላውም እርሳቸውን ይፈራል። በዚህ ዓይነት ማንም የማያምንበት ነገር ሁሉንም ሲገዛ ይኖራል። ፉቀሃእ በጋብቻ ስለ ከፋኣ ብዙ እንደተወያዩ አውቃለሁ፤ ኢማም ማሊክ ግን ዋናውን መለኪያ ዲን አድርገውታል። በእናቷ ቁረይሽ የሆነችው ዘይነብ ቢንት ጀሕሽም ነጻ ለወጣው ለዘይድ ተድራ እንደነበር እናውቃለን።

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ምክንያት ባነወረ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂልያ ጠባይ እንደቀረበት ነገሩት። ከእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሉ፣ ከምትለብሱት አልብሱ የሚል ትምህርትም ሰጡ። አቡ ዘርም ከዚያ በኋላ ከአገልጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ታየ። ያን የመሰለ ሶሃባ ቅሪት ከተገኘበት እኛ ራሳችንን ብንመረምር ምን ይከብደናል?

«ዴሞክራሲ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ የሚያዩ ወንድሞች አሉ። ስለ ቃሉ ዑለማዎች ይነጋገሩበት። ምክክር (ሹራ) ግን የሙእሚኖች መለያ መሆኑ በሱረቱ አሽ-ሹራ 38 ሰፍሯል። አቡበክርም (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ካጠፋሁ አቅኑኝ ብለው ለሕዝቡ ተናግረዋል። መሪን ማቃናት የሚችለው ደግሞ ራሱን ከመሪው እኩል ሰው አድርጎ የሚያይ ዜጋ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት እኩልነትን ስንጠይቅ ቤታችንንም እንፈትሽ። የመስጊድ ኮሚቴ ሲመረጥ ድሃው ይጠየቃል? የቤት ሠራተኛችን የምንበላውን ትበላለች? ሽማግሌ ደጃችን ሲመጣ የምንጠይቀው ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ አያቱ? በአደባባይ የምንለምነውን በሳሎናችን ከነፈግን ጥያቄያችን ስለ ፍትሕ ሳይሆን መሰላሉ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ስለማለት ብቻ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ከኩራት ይጠብቀን። አሚን።