በትንሽ ወጪ በቤት ውስጥ ጣፋጭ ምግብ ስለ ማዘጋጀት



በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው በጓሯችሁና በጎተራችሁ ካለው ነገር፣ ብዙ ገንዘብ ሳታወጡ፣ ለልጆቻችሁና ለእንግዶቻችሁ ጣፋጭ ምግብ እንዴት እንደምታዘጋጁ ነው። ጣፋጭ ማለት የግድ ስኳር የተጨመረበት ማለት አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት በገጠር ቤት ጣፋጭ ሲባል ይበልጡን የሚታሰበው ማር ነበር። ዛሬ ግን ስኳርና ብስኩት እስከ ትንሿ ሱቅ ድረስ ስለ ደረሱ፣ ልጅ ሲያለቅስም ሆነ እንግዳ ሲመጣ እጃችን ወደ ሱቅ ይዘረጋል።

እስቲ አንድ ነገር እናስተውል። አንዲት እናት 10 እንቁላል አጠራቅማ ገበያ ወሰደች እንበል። ከሸጠችበት ገንዘብ ከፊሉን ለጨውና ለሳሙና አዋለች፤ በቀረው ለልጆቿ ብስኩትና ከረሜላ ገዝታ ተመለሰች። ልጆቹ ተደሰቱ። ነገር ግን ቤቱ ምን አገኘ? ምንስ አጣ? እንቁላል የልጅን ሰውነት የሚገነባ ምግብ ነው፤ ከረሜላ ግን ከስኳር በቀር ሌላ የለበትም። እናቲቱ ክፉ አላሰበችም፤ ጨውና ሳሙናም ከጓሮ አይበቅሉምና መግዛቷ ትክክል ነው። ጣፋጩ ግን በዚያው ዕለት በጓሮዋ ውስጥ ሊበላሽ ተቀምጦ ነበር። ይህ ትምህርት የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «ከቤቴ የተገኘ ነገር ሁሉ ነፃ ነው» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ገበያ ብትወስዱት ገንዘብ የሚያመጣ ነገር በቤት ሲበላ ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ ለጣፋጭ የሚሆነውን ነገር በሦስት ክፍል ለዩት።

ሀ) ገበያ በጥሩ ዋጋ የሚገዛው፤ ይኸውም ማር፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ነው።

ለ) ገበያ የማይፈልገው፤ ይኸውም ሲቆፈር በዶማ የተቆረጠ ስኳር ድንች፣ ከመጠን በላይ የበሰለና ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ፣ ወድቆ የተሰነጠቀ ዱባ ነው።

ሐ) በገንዘብ የሚገዛው፤ ይኸውም ስኳር፣ ቀረፋ፣ ከሌላችሁም የስንዴ ዱቄት ነው።

ደንቡ አጭር ነው። መሠረቱ ከ«ለ» ይሁን፤ ከ«ሀ» በማንኪያ ጨምሩ፤ «ሐ»ን መጨረሻ አድርጉ። ማገዶም ወጪ መሆኑን አትርሱ።

ነገር ግን ገበያ ያልፈለገው ሁሉ ይበላል ማለት አይደለም። በዶማ የተቆረጠ ስኳር ድንች በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይብሰል። ነቀዝ የገባበትና መራራ ሽታ ያለው ግን ለሰው አይሆንም፤ የሻገተውን ስኳር ድንች ደግሞ ለከብትም አትስጡ፤ ሳንባቸውን ይጎዳል። ዱባ ስትቆርጡ ጥሬውን በምላስ ጫፍ ቅመሱ፤ መራራ ከሆነ ሙሉውን ጣሉት፤ መራራ ዱባ መርዝ አለበትና ቢቀቀልም አይድንም። እንቁላል በውኃ ውስጥ ሲነከር ቢሰጥም ደኅና ነው፤ ቢንሳፈፍ አሮጌ ነውና አትጠቀሙበት።

1ኛ. በረመጥ የበሰለ ስኳር ድንች

በስኳር ድንች ውስጥ ስታርች የሚባል ዱቄትነት ያለው ነገር አለ። ድንቹ ቀስ እያለ ሲሞቅ ይህ ስታርች ወደ ስኳርነት ይለወጣል። በኃይለኛ እሳት ፈጥኖ ቢፈላ ግን ለውጡ ሳይፈጸም ይቀራል። እንግዲህ ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከትዕግሥት እንጂ ከሱቅ አይደለም።

አሠራሩ። ያልቆሰለውን ስኳር ድንች ከተቆፈረ በኋላ አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ብታቆዩት ይበልጥ ይጣፍጣል። ከዚያም እጠቡት፤ አትላጡት። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ፣ ውኃ ሳትጨምሩ በሸክላ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑትና በቀረው ረመጥ ላይ አስቀምጡት። እንደ ውፍረቱ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በመካከሉ አንድ ጊዜ አገላብጡት። ልጣጩ ሲጨማደድና እንደ ማር ያለ ፈሳሽ ሲያወጣ በስሏል። ሰንጥቃችሁ ጥቂት ቅቤ፣ በጾም ቀን ደግሞ ጥቂት ዘይት ጣል አድርጉበት። ለዚህ ተጨማሪ ማገዶ አያስፈልግም።

ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች፣ ለምሳሌ ኩልፎ የሚባለው ዝርያ፣ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር በብዛት አለው። ይህ ቪታሚን ሲያንስ ልጅ በዳፍንት ይያዛል። ቅቤው ወይም ዘይቱ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ሰውነት ይህን ቪታሚን እንዲያገኝ ይረዳልና አትተዉት።

2ኛ. የዱባ ጣፋጭ (ለ6 ሰው)

የሚያስፈልገው፤ የተላጠና የተቆራረጠ ዱባ 1 ኪሎ፣ ውኃ 1 የቡና ስኒ፣ የተፈላ ወተት 1 ኩባያ፣ ቅቤ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ በጣት ቆንጠር።

አሠራሩ። ዱባውን ከውኃው ጋር ክደኑትና በዝግታ እሳት እስኪለሰልስ ድረስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አብስሉት። በማማሰያ አድቅቁት። ከዚያም ክዳኑን አንሥታችሁ፣ ከድስቱ ግርጌ እስኪላቀቅ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል አማስሉት። ውኃው በተነነ ቁጥር የዱባው የራሱ ጣፋጭነት ይጎላል። ብዙ ሴቶች ዱባው ገና ውኃ ሳለ ይቀምሱና «አልጣፈጠም» ብለው ስኳር ያፈሱበታል፤ ስሕተቱ ይህ ነው። ወተቱን፣ ቅቤውንና ኮረሪማውን ጨምራችሁ ለ5 ደቂቃ ካማሰላችሁ በኋላ ቅመሱ። የጎደለው ካለ ያን ጊዜ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል።

በጾም ቀን በወተቱና በቅቤው ፈንታ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ 3 የሾርባ ማንኪያ በጥቂት ሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ለውዝ ግን ለቅማችሁ ጣሉ፤ ሻጋታው ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለው። የዱባውን ፍሬ አትጣሉ፤ አጥባችሁ አድርቁትና ቁሉት፤ ጥሩ ቆሎ ይወጣዋል።

3ኛ. የሙዝ ዳቦ በምጣድ

ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ገዢ የሚሸሸው፣ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ሙዝ ለዳቦ ከሁሉ ይሻላል። የሻገተውንና የኮመጠጠውን ብቻ ጣሉት።

የሚያስፈልገው፤ በጣም የበሰለ ሙዝ 3፣ የስንዴ ዱቄት 2 ኩባያ፣ ደረቅ እርሾ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ።

አሠራሩ። እርሾውን በ2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡት። ሙዙን በሹካ አላሙትና ሁሉን በአንድነት አቡኩት። ሌላ ውኃ አትጨምሩ፤ ሙዙ የሚበቃውን ያህል ውኃ በራሱ ይዟል። ሊጡ እጅ ላይ ቢጣበቅ ጥቂት ዱቄት ነስንሱበት። ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ድረስ አቆዩት። በሁለት ጣት ውፍረት ዘርግታችሁ በታጠበ የኮባ ቅጠል ጠቅልሉት፤ በምጣድ ላይ አድርጋችሁ አክንባሎ ክደኑበት። በለስላሳ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገር፤ በመካከሉ ገልብጡት። ስንጥር ወግታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ይህ ዳቦ ስኳርም ወተትም የለበትም፤ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል።

4ኛ. የእንቁላልና የወተት ጣፋጭ (ለእንግዳና ለበዓል)

ይህ ከ«ሀ» ክፍል ስለሆነ በየቀኑ አይሠራም። ነገር ግን ለእንግዳ ከሱቅ ልትገዙ ስታስቡ በምትኩ ይህን አስቡ።

የሚያስፈልገው፤ ወተት 2 ኩባያ፣ የአበሻ ዶሮ እንቁላል 3 (ትልልቅ ከሆነ 2)፣ ማር 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው በጣት ቆንጠር።

አሠራሩ። ወተቱን አፍልታችሁ ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። እንቁላሉን አረፋ ሳታበዙ ምቱትና ከማሩ፣ ከጨውና ከወተቱ ጋር አዋሕዳችሁ በወንፊት አጥልሉት። በስኒዎች ቅዱትና ሸፍኑት። በሰፊ ድስት ግርጌ ጨርቅ አንጥፋችሁ ስኒዎቹን ደርድሩ፤ ሙቅ ውኃ እስከ ስኒው ወገብ ጨምሩና ድስቱን ክደኑ። ውኃው እንዲተን እንጂ እንዲንፈቀፈቅ አትፍቀዱ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ዳር ዳሩ ይረጋል፤ መካከሉ ጥቂት ሲርገበገብ አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እሳቱ ከበረታ እንቁላሉ ይቋጠርና ውኃ ያወጣል፤ ወተቱም እንቁላሉም ከሰረ ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። በተሠራበት ቀን ይበላ፤ ለማግሥቱ አይደር።

በሌላ አሠራር ላይ በስኳር ፈንታ ማር ስትጠቀሙ፣ ለ1 ኩባያ ስኳር ከ1 ኩባያ ሩብ የጎደለ ማር ይበቃል። ማር ውኃ ስላለው ፈሳሹን ጥቂት ቀንሱ።

ስለ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ

1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልክ አይሰጥ፤ የተፈላውም ቢሆን። በማር ውስጥ አልፎ አልፎ፣ በመፍላት የማይሞት የተሕዋስያን ዘር ይገኛል፤ ይህም በሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ያመነጫል። 2 ዓመት ያልሞላው ልጅም ስኳር አያስፈልገውም። ለዚህ ዕድሜ ያለ ማር የደቀቀው ዱባና ስኳር ድንች ይበቃዋል፤ ጣፋጭም ነው።

ሂሳቡን እንዴት ትሠራላችሁ?

በደብተር ላይ ሁለት መስመር አስምሩ። በአንደኛው ባለፈው ወር ለብስኩት፣ ለከረሜላና ለለስላሳ መጠጥ ያወጣችሁትን ጻፉ። በሁለተኛው በዚህ ወር በቤት ለሠራችሁት ጣፋጭ ያወጣችሁትን ጻፉ፤ ሊሸጥ ይችል የነበረውን ማርና እንቁላልም በገበያው ዋጋ ቍጠሩ፤ ራሳችሁን አታታልሉ። ሁለቱንም ለበላው ሰው ቍጥር አካፍሉ። ልዩነቱን ያን ጊዜ ከማንም ሳትሰሙ በገዛ ዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የተረፈውን ገንዘብ ለምን እንደምታውሉት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተመካከሩ፤ ለደብተር፣ ለዘር ወይም ለጫጩት ይሆናል።

እንግዳ ሲመጣ ከሱቅ ያልመጣ ነገር ማቅረብ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። በገዛ ጓሮ በቅሎ በገዛ እጅ የተሠራ ጣፋጭ ለባለቤቱ ክብር ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በጓሯችሁ ካለው ውስጥ በዚህ ሳምንት ገበያ የማይፈልገው የትኛው ነው?

2. ስኳር ድንች በዝግታ ሲበስል ለምን ይበልጥ ይጣፍጣል?

3. ዱባው «አልጣፈጠም» ስትሉ ስኳር ከመጨመር በፊት ምን ማድረግ ይገባል?

4. ማር ለየትኛው ሕፃን አይሰጥም? ለምን?

መልሱን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። በመጪው እሑድም ከአራቱ አንዱን ሠርታችሁ ልጆቻችሁን አቅምሱ።