የገበሬ ልጅነትሽ የሙያሽ መጀመሪያ ነው!

እህቴ ሆይ፣ ወታደራዊ ነርስ የመሆን ሕልም አለሽ? ግን ደግሞ ወላይታ ውስጥ ከቦዲቲ፣ ከሁምቦ ወይም ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለ የገበሬ ቤት ስለመጣሽ «ከእኔ የተሻሉ ስንት አሉ» እያልሽ ወደኋላ ትያለሽ? እንግዲያው ይህ ጽሑፍ ያንቺ ነው። ወንድሞችም ጆሯችሁን አትንፈጉን። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ያደግሽበት ማሳና በረት ለዚህ ሙያ ሲያዘጋጁሽ ኖረዋል። ያንን ዝግጅት ከሒሳብ አታውጪው!

ዓይንሽ ሠልጥኗል

ከብት ስትጠብቂ የታመመችውን ላም በምን ነበር የምታውቂያት? በጩኸቷ አይደለም። ከመንጋው ወደኋላ ስትቀር፣ ሣር ስትተው፣ ማመንዠኳን ስታቆም ነው። ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣም የነርሷ የመጀመሪያ ሥራ መለየት ነው፤ ማን አሁን ይታይ፣ ማን ጥቂት ይቆይ? የሚጮኸው ቢያንስ ይተነፍሳል። ፀጥ ያለው ግን የአየር ቧንቧው ተዘግቶ፣ ወይም ብዙ ደም ፈስሶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝም ያለውን ሳታይ አታልፍም። ይህን ዕውቀት ትምህርት ቤቱ በሥርዓት ያስተምርሻል፤ ልማዱን ግን ከቤትሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ትዕግሥትሽ ተፈትኗል

እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ዓመታት ይፈጃል። እናትሽ ችግኙን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረች፣ ፍግ እያለበሰች አሳድጋዋለች። ከደረሰ በኋላም መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ቆጮውን ማብላላቱ አለ። በዚህ ቤት ያደገች ልጅ የአራት ዓመት የነርስነት ዲግሪ ረዘመብኝ ብላ መፍራት የለባትም። ለዚያውም የትምህርት በር እንደ ቀድሞው ሩቅ አይደለም፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ ነርሶችን እዚያው አገርሽ ላይ ያስተምራል።

ትንሿን ሥራ አትናቂ

እ.ኤ.አ. በ1854 ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉ የእንግሊዝ ወታደሮችን ልታክም ወደ ስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ ከጦር ቁስሉ ይበልጥ ሰው ይጨርስ የነበረው ተላላፊ በሽታ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፍሳሽ ቦዩ ሲጸዳና ክፍሎቹ አየር ሲያገኙ የሟቹ ቁጥር ቀነሰ። እሷም ይህን በኋላ በቁጥር አስደግፋ አስረዳች። ዛሬም ያው ነው፦ እጅ መታጠብ፣ የደም ማቆሚያ ማሰሪያው የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፣ መድኃኒቱን ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ ማንበብ። ማንም አያጨበጭብልሽም፤ ሰው ግን በዚህ ይድናል።

የቀደሙሽ አሉ

እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ሶዶ የመጡትን ሚሲዮናውያን የመራው ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ጸሐፊ ሆኖ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አገልግሏል። ከሶዶ እስከ ቁስለኛው ድንኳን ያለው መንገድ ገና ድሮ ተጀምሯል ማለት ነው።

ልዕልት ፀሐይንም አስቢ። የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሆና ሳለ በስደት ዘመኗ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃ፣ ወደ አገሯም ተመልሳ ሕሙማንን አገለገለች። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ አረፈች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። የንጉሥ ልጅ ዝቅ ብላ የሠራችበትን ሙያ የገበሬ ልጅ ቀና ብላ ብትገባበት ምን ይገርማል?

መንገዱ ቀላል ነው አልልሽም። ወታደራዊ ነርስ መለዮ ለባሽም ናት። በዓሉን፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታንም ጭምር፣ ከቤተሰብ ርቃ የምታሳልፍበት ጊዜ አለ፤ ሌሊቱን ቆማ ታድራለች፤ ያየችው ሥቃይ ልቧን ይከብደዋል። ስለዚህ ጥንካሬ ማለት ብቻን መሸከም አይደለም። ሲከብድሽ ለባልደረባሽ መንገርን ከአሁኑ ልመጂ።

በዚህ ሳምንት የምትጀምሪው

አንደኛ፣ ቤት ውስጥ የምትሠሪያቸውን አምስት ሥራዎች ጻፊ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ያስተማረሽን ነገር አስፍሪ። ማመልከቻ ስትጽፊ ይጠቅምሻል።

ሁለተኛ፣ በአቅራቢያሽ ጤና ጣቢያ ያለችን ነርስ ጠይቂ፤ «እትዬ፣ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ነበር?» በያት።

ሦስተኛ፣ በአካባቢሽ ያለው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና መቼ እንደሚሰጥ አጣሪና ተመዝገቢ።

ነገ የሚጠብቅሽ ቁስለኛ አባትሽ ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው አይጠይቅሽም፤ እጅሽ ደሙን ማቆም መቻሉን ነው የሚፈልገው። እጅሽን ዛሬ ማሠልጠን ጀምሪ!