ከመንገድ ስለ ገባ ውሻና ስለ አማት ሥጋት

ጥያቄ፦ ከሳሪስ የጻፈችልን አንባቢ፣ ጎኑ በእከክ የተላጠና እግሩ የቆሰለ ባለቤት አልባ ውሻ ወደ ግቢዋ ካስገባች ወዲህ፣ አብረዋት የሚኖሩት አማቷ «ውሻው ካልወጣ እኔ እወጣለሁ» ማለታቸውን፣ ጎረቤቶች ቁስሉን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው እንዳሏት፣ ባለቤቷም ሰው መታከሚያ ባጣበት ዘመን ለውሻ ሐኪም መክፈል ነውር ነው ብሎ መቆጣቱን ገልጻ፣ የአራት ዓመት ልጅ እናት መሆኗንም ጨምራ፣ ምን ላድርግ ትላለች።

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ጨካኝ ከተሣሉት ከአማትሽ ልጀምር፤ በእኔ አስተያየት ከቤታችሁ ሰዎች ሁሉ ነገሩን በቅጡ የተረዱት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ ወገን ውሃ እየሸሸ ሲሞት ያየ ወይም ከዓይን ምስክር የሰማ ነውና፣ ሥጋታቸው ትዝታ ያሳደረባቸው እንጂ ክፋት የወለደው አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ክትባቱን በአንድ በተነከሰ ብላቴና ላይ ከፈተነ ወዲህ ደዌው ሳይገለጥ መከላከል ተችሏል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ፈውስ አልተገኘለትም ማለት ይቻላል። ስለ ውሻው ርኩስነት ካነሡብሽ፣ ጦብያ ከሊቀ መላእክት ሩፋኤል ጋር በተጓዘበት መንገድ ውሻው አብሮ እንደ ነበረ መጽሐፈ ጦቢት መዝግቦታልና፣ በትሕትና አስታውሻቸው፤ ውሻውም ከግቢ አልፎ ቤት እንደማይገባ ቃል ግቢላቸው።

እንግዲህ ርኅራኄሽ ፍጹም የሚሆነው ውሻውን ሐኪም ሲያየው ነው። ከማጠብሽና ስም ከማውጣትሽ በፊት ከልጅሽ ለይተሽ በጥላ ሥር እሰሪው፤ በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሠልጥነው በከተማችን የሚሠሩ ሐኪሞች ስላሉና የታክሲ ረዳትም ውሻ አሳፍር ቢሉት እሺ ስለማይል፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም አስቀድመሽ በስልክ ፈልጊ። የሞተር ዘይቱን ነገር ተዪው፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል፤ ለሰው የተሠራ የራስ ምታት ክኒንም እንዲሁ ለውሻ ጠንቅ ነው። እከኩ ወደ ሰው የሚጋባ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ ከቆዳው ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ የመዥገሩን፣ የሆድ ትሉንና የቁስሉን መድኃኒትም በክብደቱ ልክ ያዝለታል። በበዓል ሰሞን በየግቢው የሚደረገውን፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ የመወርወር ልማድ ግን ማንም ሐኪም ሳይነግርሽ አቁሚ፤ በዚያ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት አድጎ፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ፣ አፈር በነካ እጅ ወደ ሕፃን አፍ ይገባልና።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ዛሬ ቢወጋ ኃይሉ የሚጸናው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መሆኑን፣ በመንገድ ሳለ ተነክሶ ከነበረም ደዌው በሰውነቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተሸሽጎ ሊቆይ እንደሚችል ዕወቂ። ስለዚህ ጠባዩ ድንገት ቢለወጥ፣ ድምፁ ቢሻክር፣ መዋጥ ቢያቅተውና ለሀጩ ቢዝረበረብ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብለሽ እጅሽን ወደ አፉ እንዳትሰጂ፤ ብዙ ደግ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ልጅሽን ቢነክስ ወይም የልጅሽን ቁስል ቢልስ፣ ስፍራውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ውሻውም ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። አማትሽ ጸበል ይወሰድ ቢሉ አትከልክዪ፤ ክትባቱን ግን የሚተካው ነገር የለም።

ባለቤትሽ ያነሣው የሰው ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን የውሻው መርፌ የሚጠብቀው የእሱኑ ልጅ ስለሆነ፣ ወጪውን ከምጽዋት ሳይሆን ከቤት ቀለብ ይቍጠረው። ይህን ለመክፈል ፈጽሞ የማትችሉ ከሆነ፣ ሳያስከትቡ ከሕፃን ጋር በአንድ ግቢ ማኖር አይገባምና፣ ውሻውን ሊያስከትብና ሊይዝ ለሚችል ሰው አሳልፋችሁ ስጡ። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሲመጣ አማትሽን ከአጠገቡ አስቀምጫቸው፤ የልባቸውን ጥያቄ ራሳቸው ይጠይቁት፣ የክትባቱንም ደብተር ከእሳቸው ዘንድ አኑሪው።