የሰንሱሉ ዕድሜ ስንት ነው?

ላሊበላን የጎበኘ ሰው በመንገድ ዳር ሱቆች ሰንሱል ሳያይ አይመለስም። ሰንሱል ረጅም ብራና እንደ አኮርዲዮን ወዲህና ወዲያ ታጥፎ፣ በየገጹ ቅዱሳን የሚሣሉበት የሥዕል መጽሐፍ ነው። ሻጩ «የጥንት ነው» ቢለን በምን እናረጋግጣለን? ጥያቄው የዋጋ ብቻ አይደለም። ጥንታዊ ከሆነ ቅርስ ነውና ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ የዛሬ ሠዓሊ የእጅ ሥራ ነው፤ ይህ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በጭስ አጥቁሮ ዕድሜ መጨመሩ ነው።

አስቀድመን በዓይናችን እንመርምር። ሰንሱል በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚጎዳው እጥፋቱ ነው፤ በአገልግሎት ያረጀ ከሆነ ቀለሙ ቀድሞ የሚሰነጠቀውና የሚረግፈው እዚያ ላይ ነው። ጭስ ግን ሁሉንም እኩል ያጠቁራል።

ቀጥሎ ቀለሙን በኤክስ ጨረር እንፈትሽ። ጨረሩ ከአቶሙ ውስጠኛ ምህዋር ኤሌክትሮን ሲያስወጣ፣ ከላይ ያለው ኤሌክትሮን ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል፤ በዚህ ጊዜ ለዚያ ንጥረ ነገር ብቻ የተወሰነ ጉልበት ያለው ጨረር ይወጣል። የቲታኒየም 4.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የቲታኒየም ነጭ ቀለም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ1916 ገደማ ወዲህ ስለሆነ፣ በመልአኩ ነጭ ልብስ ላይ ቢገኝ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ላስታ ላይ መቸኮል አይገባም! የአካባቢው ባዛልት በቲታኒየም የበለጸገ ነውና አቧራው ራሱ ያንኑ ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ነጩን ቀለም ካልተቀባው ብራና ጋር ማነጻጸር ግድ ነው።

ብራናው ቆዳ በመሆኑ በካርቦን 14 ሊለካ ይችላል፤ የካርቦኑ ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው። ዓድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና እ.ኤ.አ. በ330 እና በ650 መካከል መሆኑ የታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ለሰንሱላችን ግን ዘዴው ያን ያህል አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. ከ1650 እስከ 1950 ገደማ የከባቢ አየሩ ካርቦን 14 ከፍና ዝቅ ሲል ስለቆየ፣ አንድ ልኬት ለብዙ ዘመናት ይስማማል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች በአንጻሩ መጠኑን ወደ እጥፍ አቃርበውታል፤ ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የኖሩ ፍየሎች ቆዳ ይህን ትርፍ ይዟል። መሣሪያዎቻችን አዲሱን አዲስ ለማለት ደፋሮች ናቸው፤ ጥንታዊውን ጥንታዊ ለማለት ግን ያመነታሉ።

ደግሞም የለካነው ፍየሏ የሞተችበትን ዘመን እንጂ ሠዓሊው ብሩሹን ያነሣበትን አይደለም። በአሮጌ ብራና ላይ ትናንት መሣል ይቻላል። ስለዚህ የካርቦኑ ውጤት ደርሶን እንኳ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመልሰን አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ቀለሙ ያረፈው በንጹሕ ብራና ላይ ነው ወይስ በእድፉ ላይ?