ሕያው ሴል ለማየት፦ የመስታወት ወለል ያለው ዲሽ አጠቃቀም

በተለመደው የፕላስቲክ ዲሽ ያደገ ሴል በ60 ወይም በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ጥርት ብሎ አይታይም። የፕላስቲኩ ወለል 1 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ እነዚህ ሌንሶች ግን የሚሠሩት 0.17 ሚሊሜትር ለሚሆን መስታወት ነው። ስለዚህ የመስታወት ወለል ያለው ዲሽ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የመስታወቱ ውፍረት «ቁጥር 1.5» መባሉን ያረጋግጡ። «ቁጥር 1» ይቀጥናል፤ ምስሉንም ያደበዝዛል።

ብዙ የሴል ዓይነቶች፣ በተለይ የነርቭ ሴሎች፣ ባዶ መስታወት ላይ አጥብቀው አይዙም። ወለሉን በፖሊ-ዲ-ላይሲን (በሚሊሊትር 0.1 ሚሊግራም) ለ1 ሰዓት ይሸፍኑ፤ ከዚያ ንጹሕ በሆነ የላቦራቶሪ ውሃ 3 ጊዜ አጥበው ያድርቁ። እጥበቱን አያሳጥሩ፤ የተረፈው ፖሊ-ዲ-ላይሲን ሴል ይመርዛል።

ሴሎቹን ከቀረጻው አንድ ቀን ቀደም ብለው ይዝሩ። ባለ 35 ሚሊሜትር ዲሽ ከሆነ መጀመሪያ መሃል ያለው የመስታወት ጉድጓድ ላይ ብቻ 200 ማይክሮሊትር ያህል ጠብ ያድርጉ። ሴሎቹ ሲይዙ ሚዲየሙን በዲሹ ግድግዳ በኩል ቀስ አድርገው 2 ሚሊሊትር ያድርሱት። በማግስቱ ሴሎቹ የመስታወቱን ግማሽ ያህል ቢሸፍኑ በቂ ነው።

በቀረጻው ቀን ፌኖል ሬድ የተባለው ቀለም ወደሌለበት፣ 37 ዲግሪ ወደሞቀ ሚዲየም ይቀይሩ፤ ቀለሙ ራሱ ስለሚያበራ ደካማውን ምልክት ይውጠዋል። ማይክሮስኮፑ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌለው ሚዲየሙ ላይ አሲድነቱን የሚያረጋጋ 20 ሚሊሞላር ሄፔስ ይጨምሩ። ክዳኑን አይክፈቱ፤ ውሃው ሲተን ጨው ይበዛና ሴሎቹ ይጨማደዳሉ።

ማሞቂያውን አስቀድመው ያብሩ። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ዲሹን ካስቀመጡ በኋላም ትኩረቱ ይንሸራተታል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሱ። የዘይት ሌንስ በዘይቱ በኩል ዲሹን ስለሚነካ ሙቀት ይስባል፤ የሌንስ ማሞቂያ ካለዎት ይጠቀሙበት።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ለብርሃን ነው። ኃይለኛ ሌዘር፣ በተለይ ሰማያዊና ከዚያ ያነሰ የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ሴል ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን ያበዛል። ሴሉ ክብ ሲሆን፣ ሽፋኑ አረፋ ሲያወጣ ወይም ማይቶኮንድሪያው ሲቆራረጥ እያዩት ያለው የተፈጥሮ ባሕርዩ ሳይሆን ጉዳቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሌዘሩን ኃይል ምልክቱን ለመለካት በሚያስችለው ዝቅተኛ መጠን ያቆዩት፤ ምስሉ ትንሽ ቢሻክርም ይቀበሉት። በሁለት ቀረጻ መካከል ያለውን ጊዜም የሚከታተሉት ለውጥ የሚፈቅደውን ያህል ያርዝሙ።

ቀረጻው ሲያበቃ በዚያው ዲሽ ብርሃን ያልነካውን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ ያሉት ሴሎች እየተከፋፈሉ የተቀረጹት ከቆሙ፣ መረጃውን ከመተንተን በፊት ብርሃኑን ቀንሰው ሥራውን ይድገሙ።