ከቤት መዋል፣ አመጋገብና የሰውነት እንቅስቃሴ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ይፋ የተደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በርካታ ሠራተኞች ሥራቸውን በቤታቸው ሆነው እንዲያከናውኑ ተደርጎ ነበር፤ ድግስና ስብሰባም ቀርቶ ነበር። እነዚህ እርምጃዎች የቫይረሱን ሥርጭት ለመግታት አስፈላጊ ነበሩ። ይሁን እንጂ ያስከተሉት አንድ ለውጥ እምብዛም ሲነገርለት አልተሰማም። ቀድሞ ከቤቱ እስከ ታክሲ መያዣው፣ ከመውረጃው እስከ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ ይሄድ፣ ደረጃ ይወጣና ይወርድ፣ ገበያ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው ያን ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ እስከ ሳሎን ብቻ ይመላለስ ነበር። የሚመገበው ግን እንደ ቀድሞው ነበር፤ አንዳንዴም ይበልጥ ነበር።

ጉዳዩ የልብስ መጥበብ ብቻ አይደለም። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ-19 ሲያዙ ሕመሙ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚጠናባቸው በልዩ ልዩ ሀገራት ታይቷል። ስኳርም ሆነ ግፊት ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሕመሙ እንዳለባቸው ሳያውቁ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ከቤት መዋል ሰውን ከቫይረሱ ሲጠብቅ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቫይረሱ የሚበረታበትን አካል ቀስ በቀስ እንዳያዘጋጅ መጠንቀቅ ያሻል።

ከተበላ በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ አካል ግንባታ የሚለውጥበት ሂደት ሜታቦሊዝም ይባላል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ድንች፣ ሩዝና ፓስታ ከተፈጩ በኋላ በአብዛኛው ግሉኮስ ወደሚባለው የስኳር ዓይነት ተለውጠው ከአንጀት ወደ ደም ይገባሉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ነው፤ ስኳሩ ወደ ሕዋሳት የሚገባበትን በር ይከፍታል።

ከምግብ በኋላ ከደም ውስጥ ስኳር ከሚቀበሉት የአካል ክፍሎች መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻ የተቀበለውን ስኳር ወዲያው ያቃጥለዋል ወይም ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቸዋል። የጡንቻ ማከማቻ ከገበሬ ጎተራ ጋር ይመሳሰላል። እህሉ እየወጣ ካልተበላ አዲሱ ምርት የሚገባበት ቦታ አይኖርም። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ጎተራው እንደ ሞላ ሌላ ምግብ ይጨምርበታል። ያን ጊዜ ስኳሩ በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ከፊሉም በጉበት ወደ ስብነት ይለወጣል። ቆሽትም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከቀድሞው የበለጠ ኢንሱሊን ለማመንጨት ይገደዳል። ይህ እንዲሆን ዓመታት አያስፈልጉም። ጤነኛ ወጣቶች ለጥቂት ቀናት ብቻ ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ በተደረጉባቸው ጥናቶች፣ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መዳከሙ ታይቷል።

የሚያጽናናው ነገር ጡንቻ በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ ስኳርን የሚያስገባበት ሌላ በር ያለው መሆኑ ነው። በሚኮማተርበት ጊዜ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላም አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተሻለ ሆኖ ይቆያል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከምግብ በኋላ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በግቢ ውስጥ መመላለስ የደም ስኳር ከመጠን በላይ እንዳያሻቅብ ይረዳል፤ በተለይ እራት ተበልቶ ቴሌቪዥን ፊት የሚታለፈው ሰዓት በዚህ ቢለወጥ ጥቅሙ የጎላ ነው። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እስኪደክሙ ሠርቶ ቀሪዎቹን ቀናት ተቀምጦ መዋል በየቀኑ ጥቂት የመንቀሳቀስን ያህል አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ከኮቪድ-19 ጋር የሚያያዘው በሁለት አቅጣጫ ነው። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ተሕዋስያንን የሚዋጉት የነጭ ደም ሕዋሳት ሥራቸውን በሚገባ አያከናውኑም። በአንጻሩ ደግሞ ማንኛውም ትኩሳት ያለው ሕመም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል።

ገበታው ላይ

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚቀርበው እንጀራ ነው። የጤፍ እንጀራ ግን ከነገለባው ከተፈጨ እህል የሚዘጋጅ በመሆኑ ከነጭ ዳቦ የሚሻል እንጂ የሚሸሽ ምግብ አይደለም። የሚያስፈልገው መጠኑን ከእንቅስቃሴው ጋር ማመዛዘን ነው። ሁለተኛ እንጀራ ከመጨመር ይልቅ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ወይም ቆስጣውን መጨመር ይመረጣል። ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል ባላቸው አሰር ምክንያት ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። ጥራጥሬው በተጨማሪ ጡንቻ የሚገነባበትን ፕሮቲን ይሰጣል፤ ለዚህ ሥጋ የግድ አይደለም።

ከእንጀራው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ስኒው ነው። ሰው ቤት ሲውል ቡናውም ሻዩም ይደጋገማል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን አራት ብርጭቆ ቢጠጣ 48 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው አዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ይህ ሰው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ሳይነካ የቀኑን ከፍተኛ ገደብ በሻይ ብቻ ሊጨርስ ተቃርቧል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨምርበት ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይደመርበታል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ በአንድ ጊዜ ከመተው ይቀላል፤ ምላስም ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

የጨው መጠን ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ሊሆን ይገባል። በርበሬና የሽሮ ዱቄት ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡን ሳይቀምሱ ሌላ ጨው መጨመር አይገባም። የሚገዛውም ጨው አዮዲን ያለው ይሁን።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ከቫይረሱ ይከላከላሉ እየተባለ የሚወራው እውነት አይደለም። በምግብነታቸው መልካም ናቸው፤ ሎሚ ለምሳሌ በጥራጥሬና በቅጠል ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በደንብ እንዲመጠጥ ያግዛል። ኮቪድ-19ን ግን አይከላከሉም፣ አያድኑምም። አረቄ መጠጣትም ቫይረሱን አይገድልም፤ የሚጎዳው ጠጪውን ነው።

እንቅስቃሴ በጠባብ ቤት

ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ ለሕፃናትና ለወጣቶች ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ ይመከራል። መካከለኛ የሚባለው መናገር እያስቻለ መዝፈን የማያስችለው ነው። ለዚህ የስፖርት መሣሪያ አያስፈልግም። እጅን ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ገመድ መዝለል፣ በአንድ ቦታ ላይ ሆኖ መራመድ፣ ከልጆች ጋር እስክስታ መውረድ ሁሉ ይቆጠራሉ። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ደረጃውን መጠቀም ይችላሉ፤ ከጎረቤት ጋር ርቀትን መጠበቅና የደረጃውን መደገፊያ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግን አይዘንጋ።

ውኃ የምትቀዳ፣ ልብስ በእጇ የምታጥብ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል የቤት እመቤት እንቅስቃሴ አላነሳትም። ቤተሰቡ ሁሉ ቤት ሲውል ሥራዋ የሚበዛባት እርሷ ናት፤ የሚያስፈልጋት እረፍትና በቂ ምግብ ነው። እንቅስቃሴ የጎደላቸው የቤቱ አባላት ባልዲውን ቢያነሱ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

የስኳርና የግፊት ሕሙማን

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች በባዶ ሆዳቸው እንቅስቃሴ ማድረግ የለባቸውም። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት የደም ስኳር መውረድ ምልክቶች ስለሆኑ፣ ከረሜላ ወይም ስኳር በኪስ መያዝ ይገባል። ባዶ እግር መሄድ አይመከርም፤ የማይሰማ ትንሽ ቁስል ወደ ትልቅ ጉዳት ሊያድግ ይችላል። መጾም የሚፈልጉ ሕሙማን መድኃኒታቸው የሚወሰድበት ሰዓትና መጠን መስተካከል ይኖርበት እንደሆነ አስቀድመው ሐኪማቸውን፣ እንዲሁም የሃይማኖት አባታቸውን ማማከር አለባቸው።

ከቫይረሱ ፍርሃት የተነሣ ወደ ጤና ተቋም መሄድን የተዉና መድኃኒታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህ ከፍርሃቱ የባሰ አደጋ ነው። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ተቋሙን በስልክ ማነጋገርና ረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ማግኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ትኩሳት ያለበት ማንኛውም ሰው እንቅስቃሴውን አቁሞ ማረፍና ፈሳሽ በብዛት መጠጣት አለበት። ካገገመ በኋላም በጥቂት ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምሮ በየቀኑ በመጠኑ ይጨምራል፤ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማው አቁሞ ሐኪም ያማክራል። የስኳር ሕመምተኛ በሚታመምበት ጊዜ ምግብ ባይበላም እንኳ ስኳሩ ሊጨምር ስለሚችል በራሱ ውሳኔ ኢንሱሊኑን ማቆም የለበትም። መለኪያ ካለው ከወትሮው በበለጠ ይለካ። የሚያስመልሰው፣ ብዙ የሚያሸናውና የሚያስጠማው፣ ትንፋሹ የሚፈጥን ወይም የሚያንቀላፋው ከሆነ ቤተሰቡ ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊያደርሰው ይገባል።